ሁለቴ በቀለበት

ጂን መኖሩን አልክድም፣ መጽሐፋችን ላይ ያለ ነገር ነው፣ ግን ጂን ሥራ ፈትቶ የእገሊትን ድስት ገለበጠ፣ የእገሌን በር አንኳኳ ሲሉኝ ዕድሜዬን ሙሉ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ስስቅ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ እዚህ ሚኒሶታ፣ ዌስት ሴንት ፖል ውስጥ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። ደግሞ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲያወሩ ልብ ብላችሁ ከሆነ ሁልጊዜ ሌሊት ነው፣ ሁልጊዜ መብራት ጠፍቷል፣ ሁልጊዜ ብቻቸውን ነበሩ። የኔ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ምስክርም አለኝ፣ ምስክሬ ግን የገዛ ልጄ ስለሆነች እሷንም እስካሁን አጥብቄ አላመንኳትም። እንግዲህ እንደሆነው ልንገራችሁ፣ ፍርዱን ለናንተ ትቼዋለሁ።

ልጄ ሃያት ፋርማሲስት ናት። ከባሏ ጋር ማልዲቭስ የሚባለው የደሴቶች አገር ሊሄዱ ከብዙ ወር በፊት ቦታ ይዘው ነበር፣ ባሏን ሥራ ቦታው ላይ ፈቃድ ከለከሉት፣ የተያዘው ደግሞ የማይመለስ ነው፣ ስለዚህ እኔ ተጠራሁ። ለእናቷ ብላ አልያዘችውም፣ በባል ምትክ ነው የሄድኩት፣ ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ። "ማም፣ ፕሊስ፣ ጀስት ኢንጆይ" አለችኝ። ሚኒሶታ የተወለደ ልጅ መልስ ሲያጣ እንዲህ ነው የሚለው።

ሆቴሉ መሬት ላይ አይደለም። ከደሴቷ ዳር ተነስቶ ባሕሩ ላይ የተዘረጋ ረጅም የእንጨት መሄጃ አለ፣ በግራና በቀኙ በምሰሶ ላይ የቆሙ የሣር ክዳን ቤቶች ተደርድረዋል፣ የኛ የመጨረሻው ነበር፣ ከሱ በኋላ ውኃ ብቻ ነው። ወለሉ መሐል ትልቅ መስታወት ገብቶበታል፣ ከሥሩ ዓሣ ሲያልፍ ይታያል። ሃያት ተንበርክካ ታይ ጀመር፣ እኔ ሻንጣዬን መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩበት፣ ከታች ቀና ብሎ የሚያየኝ ነገር አልፈልግም።

ደግሞ ለተፈጥሮ የሚቆረቆር ሆቴል ነው ይላሉ። መብራቱ ከፀሐይ፣ የመጠጥ መምጠጫው ስትሮ ከቀርከሃ፣ የሚጠጣው ውኃ እዚያው ከባሕሩ ተጣርቶ በጠርሙስ ይመጣል፣ የበረንዳውን በር ከፈት ካደረጋችሁ ማቀዝቀዣው ተቆጥቶ ይጠፋል፣ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ፎጣ ደግማችሁ ብትጠቀሙ ባሕሩ ያመሰግናችኋል የሚል ተጽፏል። በሦስት አውሮፕላን ግማሽ ዓለም አቋርጠን መጥተን በስትሮ መቆጠባችን ሳቄን አመጣው፣ ለሃያት ብነግራት ግን አልሳቀችም።

ከሁሉም የገረመኝ የጽዳቱ ነገር ነው። ውኃ እንዳይባክን ብለው ማንም በየቀኑ አይገባም፣ እንዲጸዳለት የፈለገ እንግዳ በሩ ላይ ባለው መንጠቆ የኮኮናት ቅርፊት ይሰቅላል፣ ካልሰቀለ አይመጡም። እኔ አንድም ቀን አይሰቀልም አልኩ። ከሃያ ዓመት በላይ ሚኒያፖሊስ ውስጥ የሆቴል ክፍል ያጸዳሁ ሴት ነኝ፣ የኔን አልጋ ሌላ ሰው ሲያነጥፈው ማየት አልችልም፣ ከኋላው ሄጄ ማስተካከሌ አይቀርም፣ ራሴን አውቃለሁ።

እዚህ ላይ ባልወድም ስለ ዘሃራ መናገር አለብኝ፣ አለዚያ የቀረው አይገባችሁም።

ዘሃራ የደሴ ልጅ ናት፣ እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፣ የተገናኘነው ግን እዚህ፣ ኤርፖርቱ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጋሪ አብረን ገፍተናል፣ እሷ አልጋ፣ እኔ መታጠቢያ ቤት። የኔ ሃያትና የሷ ሰሚራ አብረው ነው ያደጉት። ዘሃራ አንድ አመል ነበራት፣ የአንሶላውን ሦስት ማዕዘን ከፍራሹ ሥር ጥብቅ አድርጋ ትወትፍና የግራውን እግርጌ ልቅ ትተወዋለች። "ሰውየው እግሩን በየት ያውጣ፣ ጀናዛ ነው እንዴ የምንገንዘው?" ትላለች። አለቃችን በዚያ ማዕዘን ሁልጊዜ ስለምትቆጣ እኔ ከኋላዋ እየሄድኩ እወትፈዋለሁ፣ ካየችኝ ደግሞ "ፋጡ ጀመረች፣ ሬሳ ልትሸኝ ነው" ብላ ትስቅብኛለች።

የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ የሚደርሰው ሥራ መሐል ነው። የመስገጃ ቦታ የለንም፣ ለመጠየቅ ደግሞ እንፈራለን። ስለዚህ ተጸድቶ ባለቀ ክፍል ውስጥ አንድ ንጹሕ ትልቅ ፎጣ ለሦስት አጥፈን ምንጣፉ ላይ እንዘረጋለን፣ ሚኒሶታ ላይ ቂብላው፣ ፊታችንን የምናዞርበት የመካ አቅጣጫ፣ ወደ ፀሐይ መውጫው በኩል ነው፣ አንዳችን እንሰግዳለን፣ አንዳችን በሩ ላይ ጋሪውን ይዘን እንጠብቃለን። ዘሃራ ከእናቷ የወረሰችው ወፍራም የብር ቀለበት ነበራት። በሱ በሩን አንዴ ጠቅ ካደረገች ሰላም ነው፣ ተረጋግተሽ ስገጂ ማለት ነው። ሁለቴ ካንኳኳች ሰው እየመጣ ነው፣ ተነሺ ማለት ነው። ይህን ለባሌም ለልጄም ተናግሬ አላውቅም፣ የምናደርገው የተከለከለ ነበርና።

አንድ ቀን ዘሃራ በሩ ላይ ቆማ፣ እኔ ሰግጄ ከሱጁድ ግንባሬን ቀና ሳደርግ፣ አለቃችን ከኋላዬ ቆማለች። ማንኳኳት አልነበረም። እመኑኝ፣ ዙሁር ድምፅ የማይወጣበት ሶላት ነው፣ መርፌ ቢወድቅ እሰማ ነበር። በእንግዳ ክፍል፣ በእንግዳ ፎጣ ተብዬ በዚያው ሳምንት ተባረርኩ፣ ወር ሳይሞላ ዘሃራ ሱፐርቫይዘር ተደረገች። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ቤቴ ድረስ መጣች፣ "ፋጡ፣ ወላሂ አንኳኩቻለሁ፣ ሁለቴ፣ ደግሜ ሁለቴ፣ አልሰማሽኝም" አለችኝ፣ "ጆሮ አለኝ" አልኳትና በሩን ዘጋሁት። ዘጠኝ ዓመት አላናገርኳትም። የዛሬ ሁለት ዓመት ስትሞት አገሩ ሁሉ ሆፕኪንስ ያለው ቤቷ ለቅሶ ሲሄድ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። ሰሚራ እየዞረች እናቴን አፉ በሉልኝ ስትል፣ ሟች የበደለው ሰው አፉ ካላለው ሐቁ አንገቱ ላይ እንደሚቀር ታውቃላችሁ፣ ለኔም በሃያት በኩል ላከችብኝ። አላልኩም። መስጊድ ውስጥ ጀርባዬን እያዩ የሚንሾካሾኩትን ሴቶች በስም አውቃቸዋለሁ፣ ሰባት ወር ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ አንዳቸውም ስልክ አልደወሉልኝም። ሃያትም ከዚያ ወዲህ "ማም፣ አንድ ቃል እኮ ነው" እያለች ትነዘንዘኛለች።

ወደ ደሴቷ ልመለስ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አልጋዬን ራሴ አነጠፍኩ፣ አራቱንም ማዕዘን ወተፍኩ፣ ከሃያት ጋር ቁርስ በልተን ስንመለስ የግራው እግርጌ ተለቋል። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው። ወተፍኩት። ከምሳ ስንመለስ ደግሞ ተለቆ አገኘሁት። ያን ጊዜ የኛን ረድፍ የሚያጸዳውን ሰውዬ ፈልጌ ሄድኩ፣ ኢብራሂም ይባላል፣ የዚያው አገር ሰው ነው፣ ጢሙ የሸበተ፣ እርጋታ ያለው።

"አልጋዬን ማን ነው የነካው?" አልኩት።

"ማንም፣ ማዳም። ቅርፊቱ አልተሰቀለም።"

"የነካው ሰው አለ።"

"የጠፋብዎት ዕቃ አለ?"

"የለም።"

"የተበላሸብዎትስ?"

"የተበላሸ የለም። የግራው እግርጌ ተለቋል።"

"የባሕር እርጥበት ነው፣ ጨርቁን ያላላዋል" አለኝ።

"ሦስቱን ማዕዘን እርጥበት ፈርቷቸው ነው?"

ሳቀ። "ማዳም፣ ሥራ ይፈልጋሉ እንዴ? ሰው አጥሮናል" አለኝ። አልሳቅኩም። እንዲህ ሰው የሚያስቁ ጽዳት ሠራተኞች ምን እንደሚደብቁ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እኔም ለእንግዶች እንዲሁ እስቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሻሼ ጥለት አንድ ክር መዘዝኩና ስንወጣ ከበሩና ከመቃኑ መሐል፣ ከታች በጉልበት ልክ፣ በምራቄ ለጠፍኩት። በሩ ከተከፈተ ክሩ ይወድቃል። የበረንዳውንም በር ከውስጥ ቆለፍኩ። ሃያት ስታየኝ "ማም፣ ቬኬሽን ላይ ነን" አለችኝ፣ "አንቺ ነሽ ቬኬሽን ላይ ያለሽው" አልኳት። ስንመለስ ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ክሩ እንዳስቀመጥኩት ነው። እፎይ ብዬ ከፈትኩ።

የግራው እግርጌ ተለቋል። ወለሉ ላይ ደግሞ፣ በአልጋዬና በመስኮቱ መሐል፣ ነጭ ትልቅ ፎጣ ለሦስት ታጥፎ ተዘርግቷል።

እኔ መስገጃዬን ከቤቴ ይዤ ነው የሄድኩት፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ይህም ብቻ አይደለም። በዚያ አገር መካ ያለችው ወደ ፀሐይ መጥለቂያው በኩል ነው፣ የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ቂብላውን የሚያሳይ ቀስት ለጥፈዋል፣ ሁለት ቀን በዚያ ስሰግድ ነበር። ፎጣው የተዘረጋው በተቃራኒው፣ ወደ ፀሐይ መውጫው ነው። እዚያ ደሴት ላይ ወደዚያ የሚሰግድ አንድም ሰው የለም፣ ኢብራሂምም ቢሆን እንዲህ አይሳሳትም፣ አገሩ ነው። ወደዚያ የሚሰግደው ሚኒሶታ ያለ ሰው ነው። የዘረጋችው፣ ማንም ትሁን፣ ያለችበትን አገር አታውቅም።

"አንቺ ነሽ?" አልኳት ሃያትን።

"ምኑ?"

"ፎጣውን ያነጠፍሽው።"

"አብረን አይደል እንዴ የወጣነው?" አለች፣ ከዚያ ፊቷን ለስለስ አድርጋ፣ "ራስሽ ይሆናል፣ ማም። ሳታስቢው። ስንት ዓመት በዚያ በኩል ሰግደሽ።"

ይህ አእምሮ የሚቀበለው ነገር ነው፣ እኔም ለመቀበል ሞክሬያለሁ። ግን እጄን አውቀዋለሁ፣ ያን ቀን ፎጣ አልነካም። በሃያት አነጋገር ውስጥም አንድ ነገር አልጣመኝም፣ ቶሎ ነው መልሱ የመጣላት። ከሰሚራ ጋር በየቀኑ ይጻጻፋሉ። የእግርጌውን ነገር ልጆች ሳሉ ስንቴ ሲሳቅበት ሰምተዋል፣ ፎጣውንም ሰሚራ ከእናቷ ሰምታ ይሆናል። አሮጊቷን ባሕር ላይ ወስደን ብናስፈራራት አፉ ትላለች ብለው መክረውብኛል ብዬ ወሰንኩ፣ ኩርፊያዬን ይዤ እራት አልበላም አልኩ።

በአራተኛው ቀን፣ በአስር ሶላት ጊዜ ነው የሆነው። ፀሐይዋ ገና ጠንካራ ናት፣ ባሕሩ አንጸባርቆ ዓይን አያስገልጥም። መስገጃዬን በትክክለኛው ቂብላ ዘረጋሁ፣ በሩ ከጀርባዬ ነው የሚውለው፣ ሃያት በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች፣ አውቄ ነው እዚያ ያስቀመጥኳት፣ የት እንዳለች ላውቅ። አስርም እንደ ዙሁር በጸጥታ የሚሰገድ ነው። ከታች ውኃው ምሰሶውን ቸብ ቸብ ሲያደርግ ይሰማኛል፣ የጣራው ሣር ውስጥ እንሽላሊት ሲሮጥ ይሰማኛል። ሌላ ምንም አልሰማሁም። አሰላምቼ፣ ሶላቴን ጨርሼ ስዞር ሃያት ወንበሩ ላይ የለችም፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ መሄጃውን እያየች ቆማለች።

"ማን ነበር?" አለችኝ።

"ማን ምን?"

"ያንኳኳው። በብረት ነገር፣ ሁለቴ። ወዲያው ነው የከፈትኩት።" ፊቷን ሳይ ደም የሚባል የለበትም። "ማም፣ አልሰማሽም? ጮክ ያለ ነበር እኮ።"

ተነስቼ ሄድኩ። መሄጃው እስከ ደሴቷ ድረስ ባዶ ነው፣ ቀጥ ያለ እንጨት፣ መደበቂያ የሌለው፣ የኛ ቤት ደግሞ የመጨረሻው ነው፣ የሚታለፍበት የለም። ሃያት ሮጣ ሻንጣዬን ከመስታወቱ ላይ ገፋችና ወደታች አየች፣ ከሥር ጥርት ያለ ውኃና ሁለት ቢጫ ዓሣ ነበሩ።

"ሰሚራ ናት የነገረችሽ?" አልኳት።

"ምኑን ነው የምትነግረኝ?"

"የሁለቴውን።"

"የቱን ሁለቴ?" አለች፣ ዓይኗ ውስጥ እንባ ሞላ፣ ሃያት እንደኔ ናት፣ በቀላሉ አታለቅስም። "ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ሌባ እያየሽኝ ነው። ባልሽን ተክቼ መጣሁ እያልሽ፣ ክር እየለጠፍሽ። ምን አድርጌሽ ነው?"

ያን ጊዜ ነገርኳት፣ የሆቴሉን፣ የቀለበቱን፣ አንዴው ምን ማለት እንደሆነ፣ ሁለቴው ምን ማለት እንደሆነ፣ አለቃዬ ከኋላዬ መቆሟን። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፣ በጣም ቀስ ብላ። "ስለዚህ አንኳኩታ ይሆናላ፣ እማ። አሁን አልሰማሽም አይደል?"

እማ ካለችኝ ስንት ዓመት ሆኗታል።

ተቆጣሁ። "ነይ" አልኳት፣ የጋብቻ ቀለበቷን እያሳየሁ፣ "እኔ ደግሜ እሰግዳለሁ፣ ስትፈልጊ አንኳኪ።" ሰገድኩ፣ አንኳኳች፣ ሰማሁ፣ ሁለቱንም። "ይኸው" አልኳት። እሷም በልቤ የማውቀውን ነው የተወችልኝ። ያ ሶላት አልነበረም፣ ግንባሬን መሬት ደፍቼ በር ስጠብቅ ነበር። በር የሚጠብቅ ሰው እንዴት አይሰማም? አላህ ይቅር ይበለኝ።

የቀሩትን ሦስት ቀን ምንም አልሆነም። የአልጋው ማዕዘን አልተለቀቀም፣ ፎጣው ከመደርደሪያው አልወረደም። ኢብራሂም ስንሸኝ ለኔ ብቻ አንድ ነጭ ዛጎል ሰጠኝ፣ ለምን እንደሰጠኝ አልተናገረም፣ አልጠየቅኩትም፣ ኤርፖርት ላይ ጥዬው መጣሁ።

ከተመለስን በኋላ ሃያት ሜፕልዉድ ያለ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ከዝንብ የቀጠነ ድምፅ ሲለቁብኝ ዋሉ፣ ሁሉንም ሰማሁ። "በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጆሮ አላየሁም" አለኝ ዶክተሩ፣ ደስ የሚለኝ መስሎት።

አሁን የሚቀረኝ ይህ ነው፣ ይህንን ለሃያት አልነገርኳትም።

ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩን ተሻግሮ፣ ወይዘሮ ለተብርሃን የምትባል የአስመራ ሴት ትኖራለች፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረች፣ ቃሏን እንደ እህል የምትመጥን ሴት፣ በሰው ጉዳይ የማትገባ። ዘሃራን አታውቃትም። ባለፈው ሳምንት ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ጠበቀችኝ።

"ፋጡማ ሓፍተይ፣ አትቆጪኝና፣ ያቺን ሴትዮ ለምን አትከፍቺላትም?"

"የቷን ሴትዮ?"

"ከሰዓት በኋላ የምትመጣውን። ቀለበት ያላት መሰለኝ፣ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች፣ ከዚያ ዝም። ጨዋ ናት፣ ደጋግማ አታስቸግርም።"

"አይተሻታል?"

"አላየኋትም። ትናንት ፋጡማ ጸሎት ላይ ናት ልበላት ብዬ ስከፍት ሄዳለች። እግረ ቀላል ናት።"

"ሃያት ነግራሽ ነው?"

"ልጅሽ? ከፋሲካ ወዲህ መቼ አየኋት?" አለችና ፊቴን አይታ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ሆፕኪንስ ድረስ ድራይቭ አደረግሁ። ከሰሚራ አፓርትመንት ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ ተቀመጥኩ። አፉ ለማለት ትንፋሽ እንኳ አይፈጅም፣ ሃያት ልክ ናት፣ አንድ ቃል ነው። ግን አስቡት እስቲ። ያን ቀን ካላንኳኳች፣ ዛሬ ምን ፈልጋ ታንኳኳለች? አንኳኩታ ከሆነ ደግሞ አፉ ባይዋ እኔ አይደለሁም፣ አፉ መባል ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ከነለቅሶዋ፣ የሚለኝ ሰው ደግሞ አፈር ውስጥ ነው። የሰሚራ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመጡ አየሁ፣ ትልቋ አረማመዷ ቁርጥ ዘሃራ ነው። ሞተሩን አስነስቼ ተመለስኩ።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በላይ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሰላም ልትለኝ ቢሆን አንዴ በበቃት፣ አንዴው ነበር ሰላም ነው፣ ተረጋግተሽ ስገጂ ማለት። እሷ ግን በደሴቷም ሁለቴ ነው፣ እዚህም ሁለቴ ነው። ሁለቴው ይቅርታ አይደለም፣ ሰላምታም አይደለም፣ አሥራ አንድ ዓመት የተስማማንበት ነገር ነው፣ ሰው እየመጣ ነው ማለት ነው፣ ተነሺ ማለት ነው።

ማን እንደሚመጣ አላውቅም። ለተብርሃን ትናንትም እንደተንኳኳ ነገረችኝ፣ እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ምንም አልሰማሁም። የመስገጃዬን ቦታ ልቀይር ብዬ ቤቱን ዞሬ አየሁት፣ ጠባብ ነው፣ በየትኛውም ጥግ ብዘረጋው ቂብላውን ስይዝ በሩ ከጀርባዬ ነው።